የሞተር ዘይትም ደረጃ አለው፤ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ደረጃውን ጠይቁ

ዛሬ ከዕለቱ ዋጋ ትንሽ ወጣ ልበልና ዋጋችን ውስጥ ተደብቆ ስላለ አንድ ወጪ ላውራችሁ፤ ስለ ሞተር ሳይክል ዘይት።

እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን መፈልፈል እንዳለበት ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። መኪና በማይገባበት ቀበሌ እሸቱን የሚያወጣው ደግሞ ሞተር ሳይክል ነው። ጆንያ ጭኖ ዳገት ላይ ፍሪሲዮኑ ሲያንሸራትት እሸቱ እዚያው ይሞቃል፣ መብላላት ይጀምራል፣ ደረጃው ይወርዳል። ያኔ ኪሳራው የዘይት ሳይሆን የቡና ነው።

በለቀማ ሰሞን መሰብሰቢያ ቦታዎችን ስዞር ደጋግሜ የማየው ነገር አለ፦ ለአይሱዙ ከተገዛው በርሜል ለሞተር ሳይክሉም ይቀዳለታል። “ዘይት ዘይት ነው” ይባላል። አይደለም።

የአብዛኛው መኪና ካምቢዮ የራሱ ዘይት አለው፤ የሞተሩ ዘይት ፍሪሲዮኑን አይነካውም። በአብዛኛው ባለ ማርሽ ሞተር ሳይክል ላይ ግን ሞተሩ፣ ማርሹና የፍሪሲዮን ዲስኮቹ የሚሠሩት በአንድ ዘይት ውስጥ ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ ተብሎ ማለስለሻ የተጨመረበት የመኪና ዘይት ዲስኮቹ እንዳይያያዙ ያደርጋል። ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው ግን ጉልበት አያገኝም።

እንግዲህ ስትገዙ ሦስት ነገር እዩ፦

1. ጃሶ ኤምኤ ወይም ኤምኤ2 የሚል ጽሑፍ። ይህ በዘይት ውስጥ ለሚሠራ ፍሪሲዮን የወጣ የጃፓን ደረጃ ነው። ኤምቢ የሚለው ማርሽ ለሌላቸው ስኩተሮች ነው፤ ለጭነት ሞተራችሁ አትውሰዱት።

2. ውፍረት። የመጀመሪያው ቁጥር ዘይቱ ሲቀዘቅዝ፣ ሁለተኛው ሲሞቅ ያለውን ውፍረት ያሳያል። አንዱ ሞተር 20ደብሊው-50 ይጠይቃል፣ ሌላው 10ደብሊው-30። የጎረቤትን ሞተር ሳይሆን የራሳችሁን መመሪያ ተከተሉ።

3. ማሸጊያ። ተከፍቶ በኩባያ የሚሸጥ ዘይት ደረጃው አይታወቅም። የናሙና ውጤት የሌለው ቡና ትገዛላችሁ?

አሁን ወደ ለመድነው ሒሳብ እንምጣ። የሊትሩን ዋጋ ለብቻው አትዩ፤ ለሚያስኬደው ኪሎ ሜትር አካፍሉት። ለስሌት ያህል ብቻ (የገበያ ዋጋ አይደለም)፣ የ600 ብሩ ዘይት 1,500 ኪሎ ሜትር ላይ ቢቀየር በኪሎ ሜትር 40 ሳንቲም ነው። የ900 ብሩ 3,000 ቢሄድ ግን 30 ሳንቲም። ርካሽ የተባለው ተወደደ ማለት ነው። የተቃጠለ ፍሪሲዮንና የቆመ የሥራ ቀን ገና አልተደመረም! መቀየሪያ ኪሎ ሜትሩን ከመመሪያው ውሰዱ፤ አቧራና ከባድ ጭነት ካለ ደግሞ ቀደም ብላችሁ ቀይሩ። ውድ ስለሆነ ብቻ ቀን አይራዘምለትም።

ለዩኒየኖች አንድ ምክር፦ የግዢ ሰነዳችሁ ላይ “የሞተር ዘይት” ብቻ ብላችሁ አትጻፉ። እንደዚያ ከተጻፈ አሸናፊው ሁልጊዜ ርካሹ ነው። ውፍረቱንና ጃሶ ኤምኤን ጨምሩ፤ ሲረከቡም ንብረት ክፍሉ ማሸጊያውን እያነበበ ይረከብ።

ለቀማው ሳይደርስ ለሰብሳቢዎቻችሁ አጋሩት። መልካም ገበያ!