ችግኝ ሻጭ ስለ ፒያሳ ግንብ የማይነግራችሁ

ጠጋ በሉ፤ ይህን ገበያ መሀል ጮክ ብዬ አልናገረውም። ከሠራተኛ ሰፈር ወይም ከሰባ ደረጃ አካባቢ ተነሥቶ፣ በግንብ ለታጠረች ጠባብ ፀሐያማ ግቢው ተክል ፍለጋ ለሚመጣ ሰው እኛ ችግኝ የምንሸጥ ሰዎች መጀመሪያ የምናሳየው ያበበውን ነው። ያበበ ተክል ያለ ሻጭ ይሸጣል። ለዚያች ግቢ የሚበጀው ግን ብዙ ጊዜ ማንም ሳያየው ከኋላ ጥግ ይዞ የቆመው ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ ጭራሽ እኛ ዘንድ የለም፤ የአራዳ እናቶች በራፍ ላይ በጣሳ በቅሎ ይገኛል። ወደዚያ እንደርሳለን፤ ከግንቡ እንጀምር።

ገዢው ሁሉ «ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ነው» ይለናል። «በየትኛው ወር?» ብሎ የሚጠይቅ ሻጭ ጥቂት ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ግድም ላይ ስላለች የቀትር ፀሐይዋ ዓመቱን ሙሉ በአንድ በኩል አትቆምም። ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ ከዚያ እስከ ነሐሴ ወደ ሰሜን ትዞራለች። በታኅሣሥ ቀትር ላይ በግቢያችሁ ደቡብ በኩል የቆመ 2 ሜትር ግንብ ከ1 ሜትር ከ20 በላይ ጥላ ወደ ውስጥ ይጥላል። ወርዷ 3 ሜትር ለሆነች ግቢ ይህ ከሲሶዋ በላይ ነው። በሰኔ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ጥላው የሰሜኑ ግንብ ይሆናል፣ እርሱም ከግማሽ ሜትር ብዙም አያልፍም። እንግዲህ «ፀሐይ ወዳድ ነው» ተብሎ የተሸጠላችሁ ጽጌረዳ በደቡቡ ግንብ ሥር ሆኖ በበጋ ቢቀጭጭ ጥፋቱ የተክሉ አይደለም። ፀሐይ የሚፈልጉትን በሰሜኑ ግንብ ሥር፣ ፊታቸውን ወደ ደቡብ አድርጋችሁ ደርድሩ። የደቡቡን ጥግ ለናናና ለመሰሎቹ ተዉላቸው።

ከፍታችንም ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ የአየሩ ቅዝቃዜ ሊያታልላችሁ አይገባም። አየሩ ስስ ነውና ጨረሩ ይበረታል። በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ ቀን ያቃጠለው ሰማይ ሌሊት ብርድ ያወርዳል። እዚህ ላይ ግንቡ ይረዳችኋል፤ ድንጋይ ቀን የያዘውን ሙቀት ማታ ቀስ እያለ ይለቃል። ግንቡን ተጠግቶ የቆመ ሎሚ ሜዳ ላይ ከቆመው ይልቅ ብርዱን ይችላል።

አሁን ስለ እኛ ስለ ሻጮቹ። ብዙዎቹ ችግኞቻችን የጠራ ፀሐይ አያውቁም፤ በዛፍ ጥላ ወይም በመረብ ሥር ነው የምናቆያቸው። ቅጠላቸው ለስላሳና አረንጓዴ የሆነው በዚህ ነው። ገዝታችሁ በዚያው ቀን ከግንቡ ሥር ስታቆሙት ቅጠሉ እየነጣ ይቃጠላል፤ የጠማው ይመስላችሁና ታጠጡታላችሁ፤ ቀጥሎ ሥሩ ይበሰብሳል። ለሁለት ሳምንት ያህል የጠዋት ፀሐይ ብቻ አስለምዱት።

ከመግዛታችሁ በፊት ግንዱን በሁለት ጣት ይዛችሁ በቀስታ ወደ ላይ ሳብ አድርጉ። አፈሩ አብሮ ከተነሣ ሥር ይዟል። ግንዱ ብቻውን ከተንቀሳቀሰ በቅርቡ ከመሬት ተነቅሎ ላስቲክ ውስጥ የገባ ነው። የላስቲኩን ቀዳዳዎችም እዩ። ነጭ የሥር ጫፍ ብቅ ካለ ጤነኛ ነው፤ ተጠምዝዞ የታጨቀ ቡናማ ሥር ከሆነ ግን ላስቲኩ ከጠበበው ቆይቷል። ጽጌረዳ ስትገዙ ሌላ ግንድ ላይ የተቀጠለበትን እብጠት ፈልጉ። ከእብጠቱ በታች የሚያቆጠቁጠው ሁሉ የታችኛው ግንድ ስለሆነ ቁረጡት፤ ካልቆረጣችሁት የገዛችሁትን አበባ ውጦ ያስቀረዋል።

በማሰሮ የሚያድግ ተክል ጥም ይገድለዋል ብለን እንፈራለን፤ እኔ ሞቶ የማየው ግን አብዛኛውን ጊዜ በክረምት ነው። በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ አያቋርጥም፣ ደመናው ፀሐይን ይከለክላል። የድሮ የአራዳ ቤት ጣራ አሸንዳ ከሌለው ደግሞ ከቆርቆሮው ጠርዝ የሚወርደው ውሃ በቀጥታ ማሰሮው ላይ ያርፋል። ማሰሮዎቹን ከጠርዙ አርቁ፤ ከሥራቸው ሁለት ሦስት ጠጠር አስገቡና ከመሬት ከፍ አድርጓቸው። ለመሬት የሚተከል ችግኝ በሐምሌ መተከሉ ልክ ነው። ለማሰሮ ግን የእንቁጣጣሽ ግርግር ካለፈ በኋላ፣ መስከረም ሲያልቅ መግዛት ይሻላል። ክረምቱን ደጅ ቆሞ ያለፈ ችግኝ ጥንካሬውን በዓይናችሁ ፊት ያስመሰክራል።

አፈሩን በተመለከተ፣ ሲረጥብ የሚጣበቀውና ሲደርቅ የሚሰነጠቀው ጥቁር መረሬ ለማሰሮ አይሆንም። ቀይ አፈር፣ በደንብ የበሰለ ብስባሽ፣ እንዲሁም ግንበኞች ሬድ አሽ የሚሉትን ቀይ ቀላል ጠጠር እኩል እኩል ቀላቅሉ። ከፒያሳ ቡና ቤቶች የምታገኙትን የቡና አተላ እንዳለ ማሰሮ ውስጥ አትድፉት፤ ደርቆ ይጋገርና ውሃ አያሳልፍም። መጀመሪያ ብስባሹ ውስጥ ገብቶ ይብላላ። ዕቃውን በተመለከተ፣ ሸክላ ይተነፍሳል ነገር ግን ቶሎ ይደርቃል። ጣሳና ጥቁር ላስቲክ ፀሐይ ላይ ይግላሉና ውጫቸውን ነጭ ቀለም ቀቧቸው። 20 ሊትር የሚይዝ የተቆረጠ ጀሪካን አፈሩ ሲረጥብ ወደ 30 ኪሎ ስለሚጠጋ፣ በአሮጌ የእንጨት ሰገነት ላይ አምስት ስድስቱን በአንድ ቦታ አትደርድሩ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የአትክልትና የሩዝ እጣቢ ለተክል ይሆናል፤ የልብስ እጣቢ ግን ሳሙናው ይጎዳዋል።

ታዲያ ምን እንትከል? በሰሜኑ ግንብ ሥር፣ ሙሉ ፀሐይ በሚያርፍበት ቦታ፣ የምመርጠው ጤና አዳምን፣ የጥብስ ቅጠልን፣ አሪቲን፣ ጦስኝንና እሬትን ነው። አምስቱም ብዙ ውሃ አይፈልጉም፤ ቅጠላቸው ጠንካራ ፀሐይን ይችላል። ጦስኝ በሰሜንና በባሌ ተራሮች በጨረርና በብርድ መካከል የሚኖር ተክል ነው፤ ውሃ የሚያሳልፍ አፈር ካገኘ የአራዳ ግንብ አያስቸግረውም። ጤና አዳምን ስትቀነጥሱ ግን ተጠንቀቁ። ፈሳሹ ቆዳ ላይ እያለ ፀሐይ ካገኘው ያቆስላልና እጃችሁን ወዲያው ታጠቡ። እንዳሁላ ወፍራም ቅጠሉ ውስጥ ውሃ ስለሚያጠራቅም ረስታችሁት ብትሰነብቱ እንኳ ይጠብቃችኋል።

ቀለም ለምትፈልጉ ቡጋንቪላና ጄራንየም አሉ። ቡጋንቪላ ላይ አበባ የሚመስለን ባለ ቀለም ቅጠል ነው፤ እውነተኛው አበባ መሀሉ ላይ ያለችው ትንሽ ነጭ ናት። ውሃና ፍግ ሲበዛለት ቅጠል ብቻ ያወጣል፤ በበጋ ትንሽ ስታስጠሙት በቀለም ይሸፈናል። በሶብላ ሙቀት ይወዳል፣ ብርድና ጭቃ አይወድም፤ በየካቲት ዝሩት፣ ክረምት ሳይገባ ዘለላውን ለበርበሬና ለሽሮ አድርቁት።

የቡና ችግኝ ግን ለዚህ ግቢ አትግዙ። ቡና በተፈጥሮው የደቡብ ምዕራብ ደኖቻችን ጥላ ሥር የሚበቅል ነው፤ በዚህ ከፍታ ቀጥተኛው ፀሐይና የታኅሣሥ ሌሊት ሁለቱም ይጎዱታል። በፍቅር ገዝተው በሐዘን የሚጥሉትን ሰዎች ስለማውቅ ነው የምነግራችሁ።

ከእኛ ገበያ ፈጽሞ የማትሰሙትን ልንገራችሁ። ከጠቀስኳቸው ብዙዎቹ መገዛት የለባቸውም። ጄራንየም ከጤነኛ ቅርንጫፍ የእጅ መዳፍ የሚያህል ቁራጭ ተቆርጦ፣ የታችኛው ቅጠሉ ተነሥቶ፣ እርጥብ አሸዋ ውስጥ ሲሰካ ሥር ያወጣል። የጥብስ ቅጠልና ጤና አዳምም በዚሁ መንገድ ይራባሉ። ጠጅ ሣር ከነሥሩ ይከፈላል። እሬት ከሥሩ ልጆች ያወጣል። በጎረቤት ጣሳ ውስጥ ዓመታት የኖረ ተክል ያንኑ ፀሐይ፣ ያንኑ ብርድና ያንኑ ክረምት ችሏል፤ እኛ ይህን ዋስትና ልንሰጣችሁ አንችልም።

ይህን አሁን የምለው በምክንያት ነው። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ሲጀመር ብዙ የፒያሳ ሰፈሮች ፈርሰዋል፤ ነዋሪዎቻቸውም ወደ ከተማዋ ዳርቻዎች ሄደዋል። መሬት ላይ የተተከለው ቀርቷል፣ በጣሳ የነበረውን ግን መሸከም ይቻላል። በየበራፉ የነበሩት ጤና አዳምና አሪቲ ለቡናና ለአይብ ሲቀነጠሱ፣ ለጎረቤት ልጅ ሆድ ቁርጠት ሲሰጡ የኖሩ ናቸው። አንድ ቤት ብቻ የያዘው ተክል ከቤቱ ጋር ይጠፋል፤ አምስት ቤት የተካፈለው ግን ይተርፋል።

ስለዚህ ገንዘባችሁን ለጥሩ ማሰሮና ለጥሩ አፈር አውሉት። ለተክሉ በአራዳ ረጅም ዕድሜ የኖሩ እናትን በር አንኳኩና «እማማ፣ ከዚህ ትንሽ ቁራጭ ይሰጡኛል?» በሏቸው። ሥር ሲይዝላችሁ እናንተም ለሌላ ሰው ቁረጡ። የእኔ ሽያጭ ቢቀንስም ግድ የለኝም፤ በመስከረም ጽጌረዳ ስትፈልጉ ትመጣላችሁ፣ ያኔ ክረምቱን ደጅ ያሳለፈውን ከኋላ አውጥቼ አሳያችኋለሁ።