12 ሰዓት በቤጂንግ፦ ትራንዚት ላይ ብቻችሁን ከኤርፖርት ስትወጡ

እንደተለመደው ከአሽዶድ ነኝ። ዛሬ የማወራው ስለ ትራንዚት ነው። ከጸባ ወጥታችሁ ወደ ታይላንድ ወይም ጃፓን ትኬት ስትፈልጉ፣ በቤጂንግ በኩል የሚያልፍ በረራ ይመጣላችኋል። ሃይናን አየር መንገድ ከቤን ጉሪዮን ወደ ቤጂንግ መብረር የጀመረው በ2016 ነው። ዋጋው ደስ ይላል፣ መሃል ላይ ያለው የ10 ወይም የ14 ሰዓት ጥበቃ ግን ሰውን ያስፈራዋል። ታዲያ ያንን ሁሉ ሰዓት ወንበር ላይ ተጋድማችሁ ነው የምታሳልፉት ወይስ ወጥታችሁ ከተማ ታያላችሁ? እኔ ብቻዬን ወጥቼ አይቻለሁ፤ ይቻላል። ደንቡን ማወቅ ግን ግድ ነው።

ኢንተርኔት ላይ "ቻይና 240 ሰዓት ያለ ቪዛ" የሚሉ ቪዲዮዎች ሞልተዋል። ውሸት አይደለም፣ ግን ለእኛ አይደለም። ይህን እስከቀዳሁበት ቀን ድረስ ያ ፈቃድ የ55 አገሮች ፓስፖርት ላላቸው ነው፤ እስራኤል ዝርዝሩ ውስጥ የለችም፣ ኢትዮጵያም የለችም። ቪዲዮውን አምኖ በቤጂንግ ሦስት ሌሊት ሆቴል የከፈለ ሰው ቤን ጉሪዮን ቼክ ኢን ላይ ሊቀር ይችላል። ለእኛ የሚሆነው የ24 ሰዓቱ ነው፤ እሱ ለአብዛኛው የዓለም ፓስፖርት ይሠራል። ቆጠራው አውሮፕላኑ ከደረሰበት ሰዓት ይጀምራል። ቀጣዩ በረራችሁ ወደ ሦስተኛ አገር መሆን አለበት፤ ማለትም ከእስራኤል ወደ ቤጂንግ፣ ከቤጂንግ ወደ ባንኮክ። መቀመጫው የተረጋገጠ ትኬት አትማችሁ ያዙ፤ ስልክ ባትሪ ይጨርሳል። በዳርኮን ሳይሆን በሌላ የጉዞ ሰነድ የምትሄዱ ካላችሁ ደግሞ ትኬት ከመግዛታችሁ በፊት አየር መንገዱን ጠይቁ።

ስትደርሱ መደበኛው ሰልፍ ውስጥ አትግቡ። የትራንዚት ፈቃድ የሚሰጥበት ጠረጴዛ ለብቻው ነው። ካርድ ትሞላላችሁ፣ ትኬት ታሳያላችሁ፣ ጊዜያዊ የመግቢያ ፈቃድ ዳርኮናችሁ ላይ ይለጠፋል። ውሳኔው የፖሊሱ ነው፣ መብት አይደለም። እኛ ላይ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ ዳርኮኑ የእስራኤል፣ ፊቱ ጥቁር፣ የአንዳንዶቻችን የትውልድ ቦታ ጎንደር። ሰውዬው ገጹን ሁለት ጊዜ ቢያገላብጥ አትደንግጡ፣ ታሪክም አትዘርዝሩ። ወዴት እንደምትሄዱና በስንት ሰዓት እንደምትበሩ ብቻ መልሱ። እኔ ዝም ብዬ ትኬቴን አሳየሁት፣ አለቀ።

አሁን ስለ ሰዓት። ለመውጣት ሁለት ሰዓት፣ ለመመለስና ለፍተሻ ሦስት ሰዓት ቀንሱ። ከ12 ሰዓት የሚተርፋችሁ ሰባት ነው። ጥበቃችሁ ከ8 ሰዓት በታች ከሆነ በእኔ አስተያየት አትውጡ። ሌሊት ከደረሳችሁም የኤርፖርቱ ባቡር አይሠራም። ቀጣዩ በረራ ከዚያው ኤርፖርት መሆኑንም አረጋግጡ፤ ቤጂንግ ሁለት ትልልቅ ኤርፖርቶች አሏት፣ ዳሺንግ የሚባለው ከከተማው በስተደቡብ ራቅ ብሎ ነው።

ብዙ ሰው ወጥቶ በቀጥታ ወደ "የተከለከለችው ከተማ" ይሮጣል። ለትራንዚት አልመክርም። ትኬቱ በቅድሚያ በዳርኮን ቁጥር ይያዛል፣ ሰኞ ዝግ ነው፣ ቲየናንመን አደባባይ ራሱ ምዝገባ ይፈልጋል፣ ፍተሻውም ረጅም ነው። ማየት ካማራችሁ ከጀርባዋ ያለው የጂንግሻን ፓርክ ኮረብታ ላይ ውጡ፤ የቤተ መንግሥቱ ጣሪያ በሙሉ ከላይ ይታያል።

የኔ መንገድ ይሄ ነው። ከዋናው ኤርፖርት የኤርፖርቱን ባቡር በ25 ዩዋን ይዛችሁ ዶንግጂመን ትወርዳላችሁ። "መን" ማለት በር ነው። ሁለተኛው የምድር ባቡር መስመር የድሮው ከተማ ቅጥር በነበረበት ዙሪያ ስለሚሄድ ብዙ ጣቢያዎቹ የበር ስም አላቸው፤ ቅጥሩ ፈርሶ ስሙ ቀረ። የሐረር ጀጎልን በሮች የምታውቁ ይገባችኋል። ከዶንግጂመን አንድ ፌርማታ ብቻ ሄዳችሁ ዮንገኾንግ ውረዱ። እዚያ ትልቁ የቲቤት ቡድሂስቶች ቤተ መቅደስ አለ፤ መንገዱን ተሻግራችሁ ደግሞ ጉዎዚጂየን የሚባል ዛፍ የሸፈነው ጸጥ ያለ ጎዳና።

እዚህ ጎዳና ላይ የኮንፊሽየስ ቤተ መቅደስ ግቢ ውስጥ ረጃጅም የድንጋይ ሐውልቶች ቆመዋል፤ የመንግሥቱን ከፍተኛ ፈተና ያለፉ ሰዎች ስም ተቀርጾባቸዋል። ለእኛ ይሄ ቦታ ሌላ ትርጉም አለው። በሄናን ግዛት ካይፈንግ በምትባል ከተማ ለብዙ መቶ ዓመታት የኖሩ አይሁዶች ነበሩ። ከእነሱ አንዱ ጃው ይንግቸንግ ይህን ፈተና በ1646 አልፎ ባለሥልጣን ሆኗል። ከእሱ በፊት በ1605 አይ ቲየን የሚባል ሌላ የካይፈንግ አይሁዳዊ ሹመት ፍለጋ ቤጂንግ መጣ። አንድ አምላክ የሚያመልኩ የውጭ ሰዎች መኖራቸውን ሰምቶ ነበርና ወደ ጣሊያናዊው ካህን ማቴዎ ሪቺ ሄደ፤ አይሁዳዊ መስሎታል። ማርያምን ከሁለት ሕፃናት ጋር የሚያሳይ ሥዕል አይቶም ርብቃ ከያዕቆብና ከኤሳው ጋር ናት ብሎ አሰበ። ሪቺ ደግሞ በተራው ሰውዬውን ክርስቲያን መስሎት ነበር! ዮሴፍ ሃሌቪ በ1867 ወደ ወገኖቻችን በሄደ ጊዜ "ነጭ አይሁዳዊ አለ እንዴ?" ብለው እንደተገረሙ ከሽማግሌዎች ሰምታችሁ ይሆናል። ያው ታሪክ ነው፣ ተገልብጦ። ግቢው ሰኞ ዝግ መሆኑን አትርሱ።

ስለ ስልክ ባጭሩ፤ በቻይና ኔትወርክ ዋትስአፕ፣ ጉግልና ኢንስታግራም አይከፍቱም። ከእስራኤል ሮሚንግ ይዛችሁ ሂዱ፣ አለበለዚያ እናት ቤት ውስጥ ለቅሶ ይሆናል። ክፍያ ደግሞ ከመሄዳችሁ በፊት አሊፔይ ጭናችሁ ካርዳችሁን አያይዙ። ትንንሽ ሱቆች የውጭ ካርድ አይቀበሉም።

ምግብ ላይ ካሽሩት የምትጠብቁ ዳቦ ቆሎና ቆሎ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሥጋና ትኩስ ፍራፍሬ ግን ማስገባት ክልክል ነው። ምግብ ቤት ዝርዝር ላይ "ሮው"፣ ሥጋ፣ ብቻ ከተባለ አብዛኛውን ጊዜ የአሳማ ነው። አሳማ የማይገባባቸው የሙስሊሞች ምግብ ቤቶች በራቸው ላይ "ቺንግጀን" የሚል ጽሑፍ አላቸው፤ ንጹሕና እውነተኛ ማለት ነው። ኮሸር ነው ማለት ግን አይደለም። በነገራችን ላይ፣ የካይፈንግ አይሁዶችም በ1489 ባቆሙት ሐውልት ላይ የጸሎት ቤታቸውን የጠሩት በዚሁ ቃል ነው። የሩዝ ወይም የኑድል ሳህን ይዛችሁ እዚያ በር ሥር ስትቀመጡ ቀና ብላችሁ እዩት።

ጥያቄ ካላችሁ ላኩልኝ። በሚቀጥለው ሳምንት እንገናኝ፣ ሻባት ሻሎም።