ያውቁ ኖሯል? የስደተኛው መምህር ዜማና የዘውዱ በዓል
ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በመናገሻ ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘውድ በጫኑበት ዕለት፣ ከካህናቱ ማሕሌት፣ ከከበሮውና ከጸናጽሉ ድምፅ ጋር የተሰማውን አዲሱን የመንግሥት መዝሙር በዜማ የደረሰው ኬቮርክ ናልባንዲያን የተባለ አርመናዊ እንደ ነበረ ያውቁ ኖሯል?

በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን (ኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ) ቅድስት ኢየሩሳሌምን በተሳለሙ ጊዜ፣ በኦቶማን ቱርክ ግዛት በወገናቸው ላይ ከወረደው እልቂት ተርፈው በአርመኖች ገዳም የተጠለሉ 40 እጓለ ማውታ መለከት ሲነፉ ሰምተው ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው፤ «አርባ ልጆች» የተባሉትም እነዚሁ ሲሆኑ፣ መሪያቸው ናልባንዲያን ነበረ።

እኔን ዘወትር የሚያስደንቀኝ፣ ከትውልድ ስፍራው የተሰደደ ሰው፣ ያውም ቋንቋውን ገና በሚማርበት ምድር፣ ሌላው ሕዝብ ስለ ሀገሩ ተነሥቶ የሚዘምረውን ዜማ ለመድረስ መቻሉ ነው፤ ምናልባት የሀገርን ናፍቆት ከእርሱ ይልቅ ጠልቆ የሚያውቅ አልነበረም። ያ መዝሙር እስከ ዘውዳዊው መንግሥት ፍጻሜ ድረስ ጸንቶ ቆየ፤ በልጅነታቸው በሰንደቅ ዓላማ ሥር ተሰልፈው የዘመሩት አረጋውያንም ድምፁን በሰሙ ጊዜ ሳይታወቃቸው ቀጥ ብለው ይቆማሉ።