ያውቁ ኖሯል? ዓሣንም ጫጫታ ያውከዋል

ድምፅ በውኃ ውስጥ በሴኮንድ 1,500 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በአየር ውስጥ ካለው ፍጥነት ከአራት እጥፍ በላይ ነው።

ዓሣ ጆሮ አለው፤ ከውጭ አይታይም እንጂ። በራስ ቅሉ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ጠጠሮች በድምፅ ሲነቃነቁ ፀጉር መሰል ሕዋሳት መልእክቱን ወደ አንጎል ያደርሳሉ። የጣናው አምባዛ ደግሞ ከቆሮሶ የተሻለ ይሰማል፤ የአየር ከረጢቱን ከውስጥ ጆሮው ጋር የሚያገናኙ ትናንሽ አጥንቶች አሉትና።

በሰሜን አትላንቲክ የሚኖረው ኮድ የተባለው ዓሣ፣ ወንዱ በመራቢያው ወቅት የአየር ከረጢቱን በጡንቻ እያርገበገበ ሴቷን ይጠራል። የመርከብ ሞተር ጩኸትም እንደዚህ ጥሪ ወፍራም ድምፅ ስለሆነ ይውጠዋል።

ከባሕር ወለል በታች ነዳጅ ለመፈለግ በታመቀ አየር ከፍተኛ ድምፅ የሚያወጣ የአየር መድፍ ይተኮሳል። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ የኖርዌይ ጥናት እንዳሳየው፣ በባሬንትስ ባሕር ተኩሱ ከተጀመረ በኋላ በመረብ የሚያዘው ኮድና ሃዶክ የተባለ ሌላ ዓሣ በአማካይ በግማሽ ያህል ቀነሰ። ተኩሱ ቆሞ አምስት ቀን ካለፈ በኋላም አላገገመም። ዓሣ አጥማጁም ተጎጂ ነው ማለት ነው። በአውስትራሊያ ደግሞ በመድፉ ጆሮው የተጎዳ ዓሣ ከ58 ቀናት በኋላም አልዳነም ነበር።

ከሁሉ ልብ የሚነካው ግን በዚያው በአውስትራሊያ፣ ታላቁ ባሪየር ሪፍ በተባለው የኮራል ቋጥኝ የሆነው ነው። እዚያ ልጆቹን አጠገቡ አድርጎ የሚጠብቅ ትንሽ ዓሣ አለ፤ በባሕር ዓሣ ዘንድ ብርቅ ጠባይ ነው። ተመራማሪዎች በ19 ጎጆዎች አጠገብ የተቀዳ የሞተር ጀልባ ድምፅ ለቀቁ። አባቶቹ ባልመጣ ጠላት ላይ ሲራወጡ ዋሉ፤ ምግባቸው ቀነሰ፤ ከልጆቻቸውም ራቁ። በ6ቱ ጎጆዎች ልጆቹ አንድ ሳይቀሩ አለቁ። የባሕሩ የራሱ ድምፅ ብቻ በተሰማባቸው ሌሎች 19 ጎጆዎች ግን እንዲህ ያለ እልቂት አልደረሰም።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። በጀርመን የሰሜን ባሕር ዳርቻ የነፋስ ኃይል ማመንጫ ምሰሶ ሲተከል ዙሪያውን በአየር አረፋ ከበው ድምፁን ያለዝቡታል። መርከብም ፍጥነቱን ሲቀንስ ጩኸቱ ይቀንሳል።

ባሕር ውስጥ የተጣለ ፕላስቲክ ለዓመታት ይቆያል፤ ጫጫታ ግን ሞተሩ እንደጠፋ ያበቃል። በሐይቆቻችንም ቆሮሶ ጎጆውን የሚሠራው ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ነው። ስለዚህ በጣና ወይም በሐዋሳ ሐይቅ በሞተር ጀልባ ከተሳፈሩ፣ ዳር ዳሩን ሲሄዱ ፍጥነቱን እንዲቀንስ ባለጀልባውን ይጠይቁልን።