ጽሑፉ በጸሐፊው እጅ ሲቀር

ያሁ «ጂኦሲቲስ» የተባለውን አገልግሎቱን እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2009 ሲዘጋ፣ ሰዎች በዓመታት ድካም ያሰናዷቸው በሚሊዮን የሚቆጠሩ ገጾች አብረው ተዘጉ። ፈቃደኞች ከፊሉን ቀድተው ባያተርፉት ኖሮ ጥፋቱ የባሰ በሆነ ነበር።

ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የኮድ ማከማቻ የሆነው ጊትሀብ ሌላ መንገድ ከፍቶ ነበር። ጸሐፊው ጽሑፉን በራሱ ኮምፒውተር ላይ በተራ የጽሑፍ ፋይል ያሰናዳል፤ የፋይሉን ስም በቀኑ ይጀምራል፤ በራስጌው ርእሱን ያሰፍራል። ፋይሉን ወደ ማከማቻው ሲልክ «ጄኪል» የተባለው ፕሮግራም ወደ ድረ ገጽ ይለውጠዋል። ለሕዝብ ክፍት ለሆነ ማከማቻ ክፍያ አይጠየቅም። የገጹ መጠን ከ1 ጊጋባይት እንዳይበልጥ ተወስኗል፤ ይህም ለጽሑፍ ከበቂ በላይ ነው።

ዋናው ቁም ነገር ግን ያለ ክፍያ መገኘቱ አይደለም። በ2019 ጊትሀብ የአሜሪካን ማዕቀብ ጠቅሶ በኢራንና በሶርያ ባሉ ተጠቃሚዎች ላይ ገደብ ጣለ፤ ክፍቶቹ ማከማቻዎች ባይነኩም የግሎቹ በድንገት ተቆለፉ። ለኢራን ገደቡ የተነሣው በ2021 ነው። ሆኖም የሥራው መሠረት የሆነውና ሊነስ ቶርቫልድስ በ2005 የሠራው ጊት፣ ማከማቻውን ከነሙሉ ታሪኩ በባለቤቱ ኮምፒውተር ላይም ያኖራል። ይህ ቅጂ ያለው ሰው ሥራውን ወደ ሌላ አስተናጋጅ ያዛውራል። የሚያጣው አድራሻውን ነው፤ የራሱን የድረ ገጽ ስም የገዛ ግን እርሱንም ያተርፋል።

ይኸው ታሪክ ጠባቂነት ሌላ ገጽታ አለው። በክፍት ማከማቻ ውስጥ ትናንት የተሰረዘ ዓረፍተ ነገር ዛሬም ለፈለገ ሁሉ ይነበባል። የስልክ ቁጥሩን ወይም የአሠሪውን ስም በስሕተት ያስገባ ሰው ገጹን ማረሙ ብቻ አይበቃውም፤ የማከማቻውን ታሪክ ራሱን እንደገና መጻፍ ይኖርበታል።