«ሁለት ወር ብቻ ታገሱን!»
ገንዘቡ ቀድሞ፣ ዕቃው ዓመት ከመንፈቅ ዘግይቶ የመጣው የኪስ ጌም

እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። አንድ ሰው መጥቶ «እስካሁን ማንም ያልሠራውን የኪስ ጌም ልሠራልህ ነው። ፋብሪካ የለኝም፤ የሚያበድረኝ ባንክም የለም። ሙሉ ዋጋውን ዛሬ ክፈለኝና በሁለት ወር ውስጥ እጅህ አስገባዋለሁ» ቢልህ ትከፍላለህ?

«አላበድኩም!» እንደምትል እገምታለሁ። ቀብድ ከፍሎ ለበዓል ያሰፋውን ሱሪ በዓሉ ካለፈ በኋላ የተረከበ ሰው እንዲህ ቢል አይፈረድበትም። ግን የከፈሉ አሉ። ያውም በሺህ የሚቆጠሩ። የሆነውን ሁሉ ስሙና ትክክል ነበሩ ወይስ ተሞኙ የሚለውን እናንተው ፍረዱ።

ፓንዶራ የተባለችው

ዕቃዋ «ፓንዶራ» ትባላለች። በግሪኮች ተረት ፓንዶራ ክዳኑን ስትከፍተው መከራ ሁሉ ወጥቶ፣ ውስጥ የቀረው ተስፋ ብቻ ነበር ይባላል። ስም ያወጡላት ሰዎች ይህን ቀድመው አስበውት ይሁን አይሁን እንጃ፣ ስሙ ግን ልክክ ብሎላታል።

ነገሩ የሚጀምረው ከኮሪያ ነው። ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድ የኮሪያ ድርጅት፣ በኋላም ከእሱ የወጣ ሌላ ድርጅት፣ «ጂፒ32» እና «ጂፒ2ኤክስ» የሚባሉ የኪስ ጌሞች አውጥተው ነበር። እንደ ሶኒና እንደ ኒንቴንዶ «ያለ እኛ ፈቃድ ምንም አትጭንበትም» የሚሉ አልነበሩም። ፕሮግራም መሥራት የሚችል ሁሉ የራሱን ጌም ሠርቶ ይጭናል፣ ለጓደኛው ያካፍላል። የድሮ የኒንቴንዶና የሴጋ ጌሞችን አስመስሎ የሚያጫውት ፕሮግራምም ይሠራል። በእንግሊዝና በጀርመን እነዚህን ዕቃዎች አስመጥተው የሚሸጡ ሁለት ነጋዴዎች ነበሩ። እነሱና ጥቂት የሙያ ወዳጆቻቸው «ለምን የራሳችንን አንሠራም?» አሉ። ደንበኞቹን ምን ምን እንደሚፈልጉ እየጠየቁ ዝርዝሩን አወጡ።

ዝርዝሩን ስሙት። እንደ ላፕቶፕ የምትታጠፍ፣ ኪስ የምትገባ፣ ባለ 4.3 ኢንች የሚነካ ስክሪን፣ ሙሉ የፊደል ኪቦርድ፣ ለሁለት አውራ ጣት ሁለት ጆይስቲክ፣ ዋይ ፋይ፣ ብሉቱዝ፣ ሁለት የኤስዲ ካርድ ማስገቢያ፣ ከአሥር ሰዓት በላይ የሚቆይ ባትሪ። ውስጧ ሊኑክስ የሚባለው፣ ማንም ከፍቶ አይቶ ሊያሻሽለው የሚችለው ሥርዓት። (ሁሉ ነገሯ ክፍት ነበር ማለት ግን አይደለም። ምስሉን የሚያንቀሳቅሰው ክፍል ፕሮግራም የባለ ቺፑ ምስጢር ነበር።) በ2008 እ.ኤ.አ. ይህን የሰማ ወጣት ልቡ ቢዘል ምን ይገርማል? በዚያን ጊዜ ኪስ የሚገባ ኮምፒውተር በየቤቱ አልነበረም።

ቀብድ ሳይሆን ሙሉ ዋጋ

ሴፕቴምበር 30 ቀን 2008 እ.ኤ.አ. ትዕዛዝ መቀበል ተጀመረ። የመጀመሪያው ዙር 4,000 ዕቃ ነበር። ዋጋው ወደ 330 የአሜሪካ ዶላር፤ ሙሉውን፣ በቅድሚያ። ርክክቡ በዚያው ዓመት ማለቂያ ላይ፣ ለፈረንጆቹ ገና ሊደርስ ነበር።

ጣጣው የጀመረው ገና ዕቃው ሳይነካ ነው። ባንክ ገና ላልተሠራ ነገር በካርድ የተሰበሰበውን ገንዘብ ሲያይ ጥርጣሬ ገባው። ለብዙ ሰው በካርድ የከፈለው ተመለሰለትና በሌላ መንገድ እንደገና እንዲከፍል ተጠየቀ። እዚህ ላይ ቆም በሉ። ይህ ለብዙዎች ከጨዋታው በነፃ የመውጫ ዕድል ነበር። ገንዘባቸው ኪሳቸው ተመልሷል፤ «በቃኝ» ቢሉ ማንም አይከሳቸውም። እነሱ ግን ብዙዎቹ ተመልሰው ከፈሉ!

ገናው መጣ፣ አለፈ። ፓንዶራ የለችም። «ሁለት ወር» ተባለ። ሁለት ወሩ ሲያልቅ ደግሞ ሌላ «ሁለት ወር»። በመጨረሻ «ሁለት ወር» የሚለው ቃል በደንበኞቹ ዘንድ ቀልድ ሆነ። አንዱ «መቼ ነው የምትደርሰው?» ብሎ ሲጠይቅ ሌላው «በሁለት ወር!» ይለዋል፤ ሁሉም ይስቃል። ሳቁ ግን የ330 ዶላር ሳቅ ነው።

ምን ያዘው?

ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያስበው «በሉት» ብሎ ነው። እንዲያውም አልበሉትም። ሥራው እውነት ነበር፤ ያላወቁት የሥራውን ክብደት ነው።

የላስቲኩን አካል ውሰዱ። ላስቲክ ቀልጦ የሚፈስበት የብረት ሞልድ ያስፈልጋል። ሞልድ ተራ ነገር እንዳይመስላችሁ። ከብረት ተፈልፍሎ የሚወጣ፣ ዋጋው ውድ የሆነ ነገር ነው። ላስቲክ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ ስለዚህ በወረቀት ላይ ልክ የነበረው ማጠፊያ ከፋብሪካ ሲወጣ አንድም ይጠብቃል፣ አንድም ይላላል። ያን ጊዜ ሞልዱ እንደገና ይነካል፣ ናሙና ይወጣል፣ ከቻይና አውሮፓ ይላካል፣ ይታያል፣ «አሁንም አልሆነም» ተብሎ መልስ ይሄዳል። አንድ ዙር ሳምንታት ይበላል። የቻይና አዲስ ዓመት መሀል ከገባ ደግሞ ፋብሪካው ይዘጋል፤ ሠራተኛው አገሩ ገብቷል።

የውስጡ ቦርድ ሌላ ራስ ምታት ነው። በፓንዶራ ቦርድ ላይ ማስታወሻው የተቀመጠው ከዋናው ቺፕ ጎን ሳይሆን ከላዩ ነው፤ ቦታ ለመቆጠብ አንዱ በአንዱ ላይ ተደርቦ ይበየዳል። ብየዳው ከሥር ስለሆነ በዓይን አይታይም። አንዷ ነጥብ ካልያዘች ቦርዱ ሞተ ማለት ነው። ቦርዱ ይሠራ የነበረው አሜሪካ፣ ቴክሳስ ውስጥ ሲሆን፣ የሚበላሸው ብዛት ሥራውን ወደ ኋላ ይጎትተው ነበር። ሥራው በ2011 እ.ኤ.አ. ወደ ጀርመን ከተዛወረ በኋላ ነው የተሻለ ዕቃ መውጣት የጀመረው።

ጆይስቲኮቹስ? ገበያ ሄዶ የሚገዛ የዚያ ልክ ጆይስቲክ አልነበረም፤ ለፓንዶራ ተብሎ ተሠራ። እሱም ዘገየ። አያችሁ፣ ዘጠና ዘጠኙ ክፍል ደርሶ አንዲት የአውራ ጣት ቁልፍ ብትቀር ዕቃው ሳጥን ውስጥ አይገባም። ወጥ ቤት ገብቶ ሁሉን አሰናድቶ በርበሬ የጠፋበት ሰው ይህን ያውቀዋል።

ከሁሉም የከፋው ግን የቁጥሩ ነገር ይመስለኛል። አራት ሺህ ለጥቂት ጓደኛሞች ተራራ ነው፤ ለፋብሪካ ግን ምንም አይደለም። ሚሊዮን የሚያዝ ድርጅት በመጣ ጊዜ አራት ሺህ ያዘዘው ወደ ጥግ ይገፋል። ጮኾም አይሰማ፣ ተቆጥቶም የትም አይሄድ።

ልጠብቅ ወይስ ገንዘቤን ልቀበል?

የተቸገሩት ደንበኞቹ ነበሩ። «ገንዘቤን መልሱልኝ» ብሎ ተቀብሎ የወጣ አለ። የወጣው ወረፋውን አጣ፤ ሐሳቡን ቢለውጥ ከመጨረሻ ይጀምራል። ይህን ፈርቶ የቆየ ብዙ ነው። ዘጠኝ ወር የጠበቀ ሰው «አሁን ብወጣ የጠበቅሁት ሁሉ ከንቱ ሊሆን ነው» ይላል። ፍቅርም ላይ እንዲህ ነው አይደል? አራት ዓመት አብራው የቆየችው ልጅ የማይሆን መሆኑን እያወቀች የምትቀረው አራቱን ዓመት ላለማቃጠል ነው። ያለፈው ግን ብትቀርም ብትሄድም አይመለስም። መታየት ያለበት ከዛሬ በኋላ የሚመጣው ነው።

የቆዩትን የያዛቸው ሌላም ነገር ነበር፤ ሠሪዎቹ አይደበቁም። የተበላሸ ናሙና ሲመጣ ፎቶውን ያወጡታል፤ «ይኸው ተበላሽቷል፣ ምክንያቱ ይህ ነው» ይላሉ። ክፉ ወሬን አለመደበቃቸው መልካም ነው። ድክመታቸው ቀን ሲቆርጡ ነው። ሁልጊዜ ቀን የሚቆርጡት ሁሉ ነገር ከሰመረ በሚል ሒሳብ ነበርና።

በመጨረሻ ስትመጣ

የመጀመሪያዎቹ ፓንዶራዎች ለደንበኛ የተላኩት በሜይ 2010 እ.ኤ.አ. ነው። ከተባለው ቀን ዓመት ከመንፈቅ ዘግይቶ ማለት ነው። ያውም ሁሉም በአንድ ቀን አይደለም፤ በጥቂት በጥቂቱ እየተጣለ።

ዕቃዋ ጥሩ ነበረች? ጥሩ ነበረች። በመዘግየቷ እንዲያውም አንድ ነገር አትርፋለች፤ 128 ሜጋባይት ተብሎ የነበረው ማስታወሻ 256 ሆኖ መጣ። የፕሌይስቴሽን 1 ጌሞችን ታጫውታለች፣ ሙሉ ኮምፒውተር ትሆናለች፣ ባትሪዋ እንደተባለው ይቆያል። ግን ማጠፊያዋ የተሰነጠቀባቸው፣ ወደ ስክሪኑ የሚሄደው ገመድ የተቆረጠባቸው ነበሩ።

ደግሞስ ዓለም መቼ ጠበቃት! የፓንዶራ ቺፕ በ600 ሜጋኸርዝ የሚሠራ ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. ሲነገር አፍ ያስከፍት ነበር። በኖቬምበር 2009 ኖኪያ «ኤን900» የሚባል ስልኩን ሲያወጣ ግን ውስጡ የፓንዶራ የቅርብ ዘመድ የሆነ ቺፕ፣ ያው ሊኑክስ፣ ያው 256 ሜጋባይት ነበር፤ ስልክም ይደውላል! አፕልም «አይፓድ»ን በኤፕሪል 2010፣ ከፓንዶራ አንድ ወር ቀድሞ ለገበያ አቀረበ። ፈተና ቀን ያረፈደ ተማሪ ሌሎቹ ወረቀታቸውን ሲያስረክቡ ደረሰ በሉት።

ከዚያም በኋላ ወረፋው አላለቀም። የእንግሊዙ ድርጅት ገንዘብ አጠረውና ቆይቶ ተዘጋ። ጀርመናዊው አጋር በራሱ ድርጅት ሥራውን ይዞ፣ አዲስ በሚሸጠው ትርፍ የቀድሞዎቹን ከፋዮች ዕቃ ለማድረስ ታገለ። ሕጉ አላስገደደውም ነበር፤ ድርጅቶቹ ሁለት ናቸውና። ግን አንዳንዱ ደንበኛ የጠበቀው ወር ሳይሆን ዓመታት ነው።

እናንተስ ጋ?

«ይህ የፈረንጅ ጣጣ ነው፤ እኛ ፕሌይስቴሽን ቤት ከፍለን ተጫውተን እንወጣለን» የምትሉ አላችሁ። ዛሬ ግን ነገሩ ተለውጧል። ውጭ ያለች እህት ወይም የአጎት ልጅ በካርድ የምትከፍልላችሁ፣ «ገና ሊሠራ ነው፣ ቀድመህ ብታዝ ይረክስልሃል» የሚባል ዕቃ ሞልቷል። ካርዱም ገንዘቡም የእሷ መሆኑን አትርሱ፤ ዕቃው ሲቀር የምታፍረው አንተ ነህ።

እንግዲህ ምክሬን ከፈለጋችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት የምታዩት ፎቶ በእጅ የተሠራ አንድ ናሙና ነው ወይስ ከፋብሪካ የወጣ? ብላችሁ ጠይቁ። በሁለቱ መሀል ያለው መንገድ ነው ፓንዶራን ዓመት ከመንፈቅ የፈጀባት። ሞልዱ አለቀ? ቦርዱን ማን ይሠራል? ገንዘቤን ብጠይቅ በስንት ቀን ትመልሳላችሁ? መልሱ «አታስብ» ከሆነ ማሰብ ጀምሩ። የሚከፈለው ደግሞ ቢጠፋ የቤት ኪራይ የማያናጋ ገንዘብ ይሁን። በካርድ ሲከፈል ባንኩ ገንዘቡን ለማስመለስ የሚቀበለው አቤቱታ የጊዜ ገደብ አለው፤ «ሁለት ወር፣ ሁለት ወር» እየተባለ ያ ገደብ ያልፋል።

አቅም ያለው እንዴት እንደሚያደርገው ደግሞ እዩ። «ቫልቭ» የተባለው ትልቅ የአሜሪካ ጌም ድርጅት በጁላይ 2021 እ.ኤ.አ. «ስቲም ዴክ» የሚባል፣ እሱም በሊኑክስ የሚሠራ የእጅ ጌም አሳወቀ። ወረፋ ለመያዝ ያስከፈለው 5 ዶላር ነው። በዲሴምበር እሰጣለሁ ብሎ ክፍል አጠረውና አራዘመ። በስንት? በሁለት ወር! እውነትም በፌብሯሪ 2022 መጀመሪያ ያዘዙት መረከብ ጀመሩ። ሁለቱም «ሁለት ወር» አሉ፤ አንዱ ግን በጀርባው ገንዘብና መሐንዲስ አለው፣ ሌላው ያለው የደንበኞቹ ገንዘብ ብቻ ነው። ለዚህ ነው ትንሹ ሙሉ ዋጋ የሚጠይቀው፤ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ሌላ ቋት ስለሌለው ነው።

ደግሞ ለሁለተኛ ጊዜ

የማይታመነውን መጨረሻ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ያ ጀርመናዊ በ2014 እ.ኤ.አ. የፓንዶራን ተከታይ «ፓይራ»ን ሊሠራ መሆኑን ተናገረ። አሁን ተምሯል፤ ቦርዱን ከፋፍሎ፣ አንዱ ሲበላሽ አንዱ እንዲቀየር አድርጎ ነደፈው። በሜይ 2016 ትዕዛዝ ተከፈተ። የመረጠው ቺፕ ግን ሠሪው ድርጅት ከስልክና ከታብሌት ገበያ እወጣለሁ ብሎ በ2012 ካሳወቀ በኋላ የመጣ፣ ተከታይ የሌለው ቺፕ ነበር። ሞልዱ እንደገና አስቸገረ፤ ቦርዱ እንደገና ተመላለሰ። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዕቃዎች ለደንበኛ የደረሱት በ2020 እ.ኤ.አ. ነው፤ ቀጥሎ ደግሞ ዓለምን ሁሉ ያስጨነቀው የቺፕ እጥረት ገባ።

በዚያ በ2016 ቀድመው ከከፈሉት መካከል ብዙዎቹ እነማን ነበሩ መሰላችሁ? የፓንዶራ ደንበኞች!