ባሕረ ሐሳብ በቤዚክ ልሳን

ከረጅም ዘመን በፊት በአዲስ አበባ ተምሬው፣ ኋላም በእንጀራ ፍለጋ ምክንያት ከእጄ የወጣውን ቤዚክ የተባለውን የኮምፒዩተር ልሳን፣ ዛሬ በጁባ ከተማ ተቀምጬ እንደ ገና ለማንሣት ያበቃኝን ምክንያት ለዚህ ገጽ ወዳጆች ላስረዳ እወዳለሁ።

ነገሩ የመጣው ከትንሣኤ በዓል ነው። በ2017 ዓ.ም. እኛ ኢትዮጵያውያንና በካቶር በቅድስት ቴሬዛ ካቴድራል የሚያስቀድሱት ጎረቤቶቻችን የጌታን ትንሣኤ ሚያዝያ 12 ቀን በአንድነት ብናከብርም፣ በ2018 ዓ.ም. ግን መጋቢት 27 ቀን እነርሱ ትንሣኤን ሲያከብሩ እኛ ገና በሆሳዕና ነበርንና፣ አብሮኝ የሚሠራ አንድ የባሪ ወጣት የልዩነቱ መነሻ ምን እንደ ሆነ ጠየቀኝ። «አባቶቻችን እንዲህ ሠርተውልናል» ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ነገር ግን የበዓላትና የአጽዋማት ቀን የሚወጣበት ባሕረ ሐሳብ ተሰልቶ ሊታይ የሚችል ትምህርት ስለ ሆነ፣ ሒሳቡን ራሱን ከፊቱ ላኖርለት ወደድሁ፤ ለዚህም ከማውቃቸው የኮምፒዩተር ልሳናት መካከል ቤዚክን የሚስተካከል አላገኘሁም።

ቤዚክን የደረሱት በአሜሪካ በዳርትመዝ ኮሌጅ የሒሳብ መምህራን የነበሩት ጆን ኬሜኒና ቶማስ ከርትዝ ናቸው። ኬሜኒ በቡዳፔስት ተወልዶ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ የተሰደደ፣ በተማሪነቱም ዘመን የአይንስታይን ረዳት ለመሆን የበቃ ሊቅ ነበር። ልሳኑ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሜይ 1 ቀን 1964፣ በእኛ ሰዓት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ፣ ሥራውን ሲጀምር የሁለቱ መምህራን ዓላማ የሒሳብና የሳይንስ ሰዎችን ብቻ መጥቀም ሳይሆን፣ የታሪክና የሥነ ጽሑፍ ተማሪም ሳይቀር ኮምፒዩተሩን በገዛ እጁ እንዲያዝዝ ማብቃት ነበር። በዚያው አቆጣጠር በ1991 ደግሞ ኪውቤዚክ የተባለው የቤዚክ ዝርያ ከኤምኤስ ዶስ 5 ጋር አብሮ ስለ ታደለ፣ ሌላ መሣሪያ ለመግዛት ዐቅም ያልነበረን ሁሉ ተማርንበት። የሆላንዱ ሊቅ ዳይክስትራ ይህ ልሳን የተማሪን አእምሮ ያበላሻል ብሎ በ1975 አጥብቆ ነቅፎታል፤ ወደ ሌላ መስመር የሚያዘልለው ጎቱ የተባለው ትእዛዝ ረጅም መርሐ ግብርን እንደሚያወሳስብም አልክድም። ይሁን እንጂ ባሕረ ሐሳብ መምህሩ በቃሉ እንደሚያወርደው ከላይ ወደ ታች በተራ የሚሄድ ሒሳብ ስለ ሆነ፣ ወደ ኋላ መዝለል ከቶ አያሻውም።

እነሆ የ2018 ዓ.ም. ስሌት። ከክርስቶስ ልደት በፊት ያለውን 5500 ዓመተ ኵነኔ ብንጨምርበት ዓመተ ዓለሙ 7518 ይሆናል። ይህን ለ4 ስንገድፈው 1879 ደርሶ 2 ይተርፋልና ዘመኑ ማርቆስ ነው። 7518ና 1879 ተደምረው ለ7 ሲገደፉ 3 ይቀራል፤ መስከረም 1 ሐሙስ ዋለ ማለት ነው። እንዲሁ 7518 ለ19 ሲገደፍ 13 ይተርፋል፤ አንዱን ለዘመን ስንሰጥ ወንበሩ 12 ይሆናል። ወንበሩን በጥንተ አበቅቴ በ11 አብዝተን ለ30 ብንገድፈው አበቅቴው 12፣ በጥንተ መጥቅዕ በ19 አብዝተን ብንገድፈው መጥቅዑ 18 ነው። መስከረም 18 እሑድ ነበርና የእሑድ ተውሳክ 7 ሲጨመርበት መባጃ ሐመሩ 25፣ ጾመ ነነዌም ጥር 25 ሆነ። በመጨረሻም የትንሣኤን ተውሳክ 9 ጨምረን 34 ስናገኝ፣ 30ውን ገድፈን ሚያዝያ 4 እንላለን።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ሊቃውንቱ «ግደፍ» የሚሉት ሥራ በቤዚክ ሞድ የተባለው ትእዛዝ ነው፤ ቀሪውን ብቻ ይሰጣል። ድርሻውን ለማግኘት ግን ወደ ግራ ያዘነበለውን የማካፈያ ሰረዝ ልብ ብሎ መለየት ይገባል። በተለመደው ሰረዝ 7518 ለ4 ሲካፈል 1879.5 ስለሚወጣ፣ ድምሩ 9397.5 ይሆናል፤ ሞድም ይህን ወደ 9398 አጠጋግቶ ቀሪውን 4 ስለሚያደርገው ሐሙስ የነበረው ዕለት ዓርብ ሆኖ ቁጭ ይላል። ያዘነበለው ሰረዝ ግን ክፍልፋዩን ትቶ 1879ን ብቻ ይሰጣል። ሁለተኛው ጥንቃቄ የወንበሩ ነው። በ2024 ዓ.ም. 7524 ለ19 ሲገደፍ ምንም አይተርፍም፤ በሊቃውንቱ ሥርዓት ወንበሩ 18 መሆን ሲገባው ኮምፒዩተሩ ከአልቦ አንድ ቀንሶ ከአልቦ በታች ይወርዳል። ስለዚህ አንድ መቀነስን ትተን 18 ጨምረን ለ19 ብንገድፍ ለዓመታቱ ሁሉ የሚስማማ ሆኖ ይገኛል።

ይበልጡን ያስደነቀኝ የ11ና የ19 ምንጭ ነው። በትውፊት እንደሚነገረው የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ድሜጥሮስ ከሌሊቱ 23 ሱባኤ፣ ከቀኑ 7 ሱባኤ ያዘ። 23 በ7 ሲበዛ 161 ሆኖ ለ30 ሲገደፍ 11፣ 7 በ7 ሲበዛም 49 ሆኖ ሲገደፍ 19 ይተርፋል። ይህን በሁለት መስመር ጽፌ ለወጣቱ ሳሳየው፣ ከበዓሉ ይልቅ ስለ ድሜጥሮስ ይጠይቀኝ ጀመር። በቅድስት ቴሬዛ የሚያስቀድሱት ጎረቤቶቻችን የሚከተሉት በ1582 የታረመውን የጎርጎርዮስን አቆጣጠር መሆኑንና የጨረቃውም ሠንጠረዥ ከእኛ የተለየ መሆኑን ያን ጊዜ ያለ ብዙ ድካም አስረዳሁት።

በጥንቱ ኪውቤዚክ የዕለታቱን ስም በፊደላችን መጻፍ አይቻልም፤ ገበታው 256 ምልክቶችን ብቻ ሲይዝ የእኛ ፊደላትና ምልክቶች ከ300 በላይ ናቸውና። ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ገበታ ፊደላችንን የተቀበለው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 ነው። ዛሬ የቤዚክ ዝርያዎች የሆኑት ኪውቢ64ና ፍሪቤዚክ በነጻ ይገኛሉ፤ አንድ ጊዜ ከወረዱም በኋላ ኢንተርኔት አይሹም፤ ይህም የዳታ ዋጋ ለከበደበት ሰው ቀላል ጥቅም አይደለም።

በጁባ ልጆች የምታሳድጉ ወገኖቼ ሆይ፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣውን የቀን መቁጠሪያ ከመጠበቅ ይልቅ ከልጆቻችሁ ጋር ተቀምጣችሁ ይህን መርሐ ግብር ጻፉ። 2019ን አስገብታችሁ ዘመኑ ሉቃስ፣ አበቅቴው 23፣ መጥቅዑ 7፣ ጾመ ነነዌ የካቲት 15፣ ትንሣኤ ሚያዝያ 24 ከወጣላችሁ ሥራችሁ ትክክል ነው።